ለዒጋል ግመል ጥቁር አዝሙድ

መጋቢት 22፣ 2009፣ ቀብሪበያ

ከጅጅጋ በሚኒባስ ተመለስን። የሞተ ከብት ሽታ ሲመጣ ረዳቱ "መስኮት ዝጉ!" ይላል፤ እንዘጋለን። ሙቀቱ ሲያፍነን እንከፍታለን። መንገዱን እንዲህ ስንዘጋና ስንከፍት ጨረስነው። ለክሊኒኩ መድኃኒት በካርቶን አምጥቻለሁ። ለረሃብ የሚሆን ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም። ከብቱ የሚሞተው በረሃብ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ምን ይሠራል? የሞተውን ይመዘግባል። ከተመረቅሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፣ ምዝገባው አሁኑኑ አንገሸገሸኝ። "ዶክተር ጆሲ" ሲሉኝ ደግሞ አሁንም ዞር ብዬ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ነገ ከከተማው ወጣ ብሎ ዒጋል የሚባሉ ሽማግሌ ጋ እንሄዳለን። የነገረችኝ ካፊያ ናት፣ የክሊኒኩ ረዳት ባለሙያ። የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነች ሱማሊኛውንም ቀልዱንም የምታስተረጉምልኝ እሷ ነች።

"ግመላቸው ታሞ ነው?" አልኳት።

"አልታመመም። ሥራውን ረስቶ ነው" ብላ ሳቀች።

መጋቢት 23

ዛሬ ብዙ መጻፍ አለብኝ።

አዴር ዒጋል ("አዴር" አጎት ማለት ነው፤ ካፊያ እንደዚያ በላቸው አለችኝ) ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አማርኛቸውን ከድሬዳዋ መንገድ ነው ያመጡት፤ የኔን የድሬ ልጅነት ሲሰሙ የማላውቃቸውን የሞቱ ሰዎች ሁሉ ጠየቁኝ። ከድርቁ የተረፏቸው ዘጠኝ ሴት ግመሎችና አንድ ኮርማ ናቸው። ኮርማውን ባርቃብ ይሉታል፣ ለዘር የተያዘ ወንድ ግመል ማለት ነው። በዚህ አካባቢ ያለው ግመል ግማሹ የሱ ልጅ ነው። ሴት ግመል ይዞ የመጣን ሰው አይመልሱም፤ ለባርቃብ ገንዘብ መጠየቅ እዚህ ነውር ነው።

ያለፈው የመኸር ዝናብ ሲጥል ኮርማው ሁሉንም ሰረራቸው። አንዷም አልያዘችም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም፤ ያረገዘች ግመል ወንድ ሲጠጋት ሰውነቷን አድርቃ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች። የዒጋል ግመሎች ጭራ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሁሉም ነጥፈዋል። ግመል አርግዛ ለመውለድ ከዓመት በላይ ስለሚፈጅባት፣ በዚህ በሚመጣው የጉ (የበልግ) ዝናብ ካልያዙ ለከርሞም ወተት የለም ማለት ነው።

ባለቤታቸው ኤዶ ሻሚስ ("ኤዶ" አክስት ማለት ነው) በካፊያ በኩል አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ዘንድሮን በእርዳታ ዱቄት አለፍን። ዱቄት እናት አለው? ለከርሞ ማን ያልበዋል በይው።"

ከዚያ ኮርማውን አየሁት። ጎኑ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል።

"ምን ቀብተውት ነው አዴር?"

"እከክ ነበረበት። የተቃጠለ ዘይት ነው፣ የሞተር። ጋራዥ ያሉ ጓደኞቼ በነፃ ይሰጡኛል። አየህ? እከክ የለም!"

እውነትም እከክ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀብተውታል፤ ኮርማው ደግሞ ጎኑን ሲልስ ዓይኔ እያየ ነው። ልቤ ዘለለ። ማፈር ነበረብኝ፣ ግን ዘለለ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ ይኸው ነው! ነጫጭ አይጦች፤ እርሳሱ የወንዶቹን ዘር ሲያደርቀው፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ያጠጣኋቸው ግን ዘራቸው ተረፈ። እርሳስ በሰውነት ውስጥ እሳት ይለኩሳል፤ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል ውስጥ ያለው አንቲኦክሲደንት ያን እሳት ያበርዳል። አራት ወር ከአይጥ ጋር ያደርኩት ለዚህ ቀን ነበር?

የሞተር ዘይቱን እንዲያቆሙ፣ ጥቁር አዝሙድ መርዙን እንደሚከላከል ነገርኳቸው። "አይዞዎት፣ ይድናል" አልኩ።

ሻሚስ ካፊያን ምን አለ ብለው ጠየቁ። ካፊያ ወደኔ ዞረች። "ይድናል ነው ያልከው ወይስ ሊድን ይችላል?"

"ይድናል በያቸው።"

ሚያዝያ 2

የኮርማውን ደም ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። አማካሪዬ ለነበረው ለዶክተር ደሬሳ ጅጅጋ ደወልኩለት።

"አንተ ልጅ፣ አይጦቹን አትርሳ" አለኝ። "የአዝሙዱን ዘይት የወሰዱት ከእርሳሱ ጋር አብረው፣ ከመጀመሪያው ቀን ነው። እንዳይበላሽ ተከላከልክ እንጂ የተበላሸ አልጠገንክም።"

"ዶክተር፣ ግመል ከአይጥ ይጠነክራል እኮ።"

"ይሄ ሳይንስ ነው ምርቃት?"

ከዚያ በሐምሌ ዐውደ ጥናት እንዳለና ጥሩ መረጃ ካመጣሁ ስሜን እንደሚያስገባ ነገረኝ። ዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህርም እየፈለገ ነው። ምን ዓይነት ሸሚዝ እንዳለኝ አሰብኩ። ነጩ አንገቱ አልቋል።

ሚያዝያ 8

ግመል ማጠጣት! ጥቁር አዝሙዱን አስፈጨሁ፣ እናቴ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል በሚኒባስ ላከችልኝ፣ በጥብጠን በለስላሳ ጠርሙስ ጉሮሮው ውስጥ ልንጨምር ታገልን። ግማሹን ደረቴ ላይ ተፋው። አዴር ዒጋል ጆሮው ላይ ተንጠልጥለው "ጠጣ! የዶክቶሩ እናት ናት የላከችልህ!" ይሉታል። ገበያ ላይ ሐበት ሶዳ (ጥቁር አዝሙድን እዚህ እንዲህ ይሉታል) የምትሸጠው ሴት ብዛቱን አይታ "ለማን ነው ይሄ ሁሉ፣ ለሙሽራ?" ብላኛለች። ካፊያ ለማን እንደሆነ ነግራት ከተማው ሁሉ ሰማ። ማታ ጫት ቤት በር ላይ ስናልፍ አንዱ "ዶክቶር፣ ለኛስ አይሆንም?" አለ። "ጭራ ካለህ" አለችው ካፊያ።

ሚያዝያ 16

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ደበደበው። የመሬቱ ሽታ... ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ነገ ሳይነጋ ወደ አዴር ዒጋል ግመሎች መውጣት አለብኝ።

ሚያዝያ 21

በዚህ ፍጥነት ሳር እንደሚበቅል አላውቅም ነበር። የሞቱት ከብቶች አጥንት መሀል ሳይቀር አረንጓዴ ነው። ኮርማው ጥርሱን ያፋጫል፣ አፉ አረፋ ሞልቷል፣ ቀይ ፊኛ የመሰለውን ነገር በአፉ ጎን እያወጣ ይጎረጉራል፤ ሴት የሚፈልግበት ጊዜ ደርሷል። አዴር ዒጋል እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል።

ካፊያ ቀስ ብላ፣ "አዴር፣ ለዚህ ዝናብ ብቻ ሴቶቹን አደን ወደሚባለው ሰውዬ ባርቃብ ብንወስዳቸውስ? ከዚህ ሩቅ አይደለም" አለች።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። "የአደን ባርቃብ የማን ልጅ ነው? የዚህ! አባቱ ሴቶቹን ይዞ ከሰው በር ይቆማል? ዶክቶሩ ይድናል ብሏል።" ወደኔ ዞሩ። "ብለሃል አይደል?"

"ብያለሁ" አልኩ።

የሰጠ እጅ ሲለምን ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ይገባኛል። ግን እኔ ምን ላድርግ? ሐኪም ነኝ፣ ሽማግሌ አስታራቂ አይደለሁም።

ሚያዝያ 29

ከስሪያው በኋላ የቀረውን የዘር ጠብታ በስላይድ ላይ ተቀበልኩ። ማይክሮስኮፑ የተማሪ ነው፣ በፀሐይና በመስታወት የሚሠራ። ደጋግሜ አየሁ። ባዶ።

ምንም አይደለም። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ወራት ይፈጃል። መድኃኒቱን ከጀመርን ገና ሦስት ሳምንት ነው። ገና ነው።

አዴር "እንዴት ነው?" አሉኝ። "እየሄደ ነው" አልኩ።

ግንቦት 7

ባዶ። አይ፣ ጥቂት የሞቱ አሉ። የሞቱም ቢሆኑ መኖራቸው ለውጥ ነው። እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ።

ኤዶ ሻሚስ ማይክሮስኮፑን ስሰበስብ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ካፊያ አስተረጎመች። "ዶክቶሩ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል ይላል?"

"ሰኔ አጋማሽ ላይ ይሆናል በያቸው።"

"ዝናቡስ ሰኔን ይጠብቃል?"

ከዚያ ሴትየዋ ራሳቸው በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንተ ንገረው። ወደ አደን ሂድ በለው። ከኔ አይሰማም። ከዶክቶር ይሰማል" አሉኝ።

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወጥቼ ስሄድ አዴር ዒጋል የኮርማውን አንገት አቅፈው ቆመው አገኘኋቸው። ስለ ጨው አወራንና ተለያየን።

ግንቦት 10

አዴር ዒጋል ለአንድ የጎሳ ሽምግልና ወደ አውበሬ ሄዱ፤ ሳምንት ይቆያሉ። ኮርማውን ለማጠጣት ሰው አነሰን። እኔ፣ ካፊያና የጎረቤት ሰው ታገልን። ሴቶቹ ግመሎች የሉም፤ ሻሚስ ሳር ፍለጋ ይዘዋቸው ወጥተዋል አሉኝ።

ግንቦት 14

ዛሬም የሉም። ሳሩ ወደ አደን በኩል የተሻለ በቅሏል አሉ። ምነው ታዲያ ኮርማውን ጥለውት ሄዱ? ካፊያን ብጠይቃት "ኮርማው ታማሚ ነው አይደል? ታማሚ ይረፍ" አለች። ልክ ነች። የዛሬውን ናሙና ግን ኮርማው ማንን ሲሰርር አገኛለሁ? የሥራ ቀን ባከነ።

ግንቦት 20

ረመዳን ገብቷል። ከተማው ቀን ቀን ተኝቶ ይውላል። የደሙ ውጤት ዛሬ መጣ፤ እርሳሱ ከሚገባው በብዙ እጥፍ ነው። ትክክል ነበርኩ! ለደሬሳ ደወልኩ። "ምርመራህ ትክክል ነው" አለ። "ሕክምናህስ?" እየጠበቅሁ ነው አልኩት። አርእስቴን ለዐውደ ጥናቱ ተቀብለውታል።

ደክሞኛል። ከደስታ ጋር እንዲህ ያለ ድካም አብሮ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 1

ጭራ!!

ካፊያ ቢሮ ድረስ መጣች። ሄድን። አዴር ዒጋል ኮርማውን በገመድ እየሳቡ በሴቶቹ መሀል አለፉ፤ አንዷ አነሳች፣ ሁለተኛዋ አነሳች፣ ሌላዋም። ከዘጠኙ ሰባቱ ጭራቸውን እንደ ጅራፍ ቀጥ አድርገው ቆሙ። ሽማግሌው አለቀሱ። እጄን ይዘው ለመጣው ሰው ሁሉ "የኔ ልጅ ነው፣ ይሄ ነው" ይላሉ። ኤዶ ሻሚስ ከሩቅ ቆመው ፈገግ አሉ። ጾም ባይሆን ኖሮ በግ ይታረድ ነበር፤ ለዒድ አስቀመጡልኝ።

ማታ የዐውደ ጥናቱን ጽሑፍ ጀመርኩ። እጄ ከሐሳቤ ይፈጥናል።

ሰኔ 4

ናሙና ወሰድኩ። ባዶ። ስላይዱ ቆሻሻ ይሆናል።

ሰኔ 5

ስላይዱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና። ባዶ።

ሰባት ግመሎች አርግዘዋል፤ የጽንሶቹ አባት ግን ዘር የለውም። ይሄ እንዴት ይሆናል? ምናልባት አንድ ቀን፣ ከግንቦት አጋማሽ በፊት፣ ለጥቂት ቀን ዘሩ ተመልሶ... ምናልባት ናሙና ያልወሰድኩ ጊዜ። እንደዚያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በሳይንስ የማይቻል ነገር አይደለም።

ካፊያ ስጽፍ አይታ "ምን ትጽፋለህ?" አለች። "ምክንያት እየፈለግሁ ነው" አልኳት። "ሳሩን ጻፍ። ሳሩ ጥሩ ነበር" አለችና ሄደች።

ሰኔ 11

ወሬው ተሰራጭቷል። ዛሬ ዐቦኮር የሚባል ሰው አራት ሴት ግመሎቹን እየነዳ ከአውበሬ በኩል መጣ፤ ቀናት ተጉዟል። ግመሎቹ የከሱ፣ እሱም የከሳ። "የዶክቶሩ ባርቃብ ይሄ ነው?" አለ። አዴር ዒጋል ውሃ ሰጡት፣ ማረፊያ አሳዩት፣ "ዝናቡ እስኪያልቅ ተቀመጥ" አሉት። ሌሎችም መንገድ ላይ ናቸው አለ።

የኮርማውን ጎን አየሁ። ያብረቀርቃል። ትኩስ ዘይት ነው።

"አዴር! አቁሙ አላልኩም?"

"እከኩ ተመለሰበት። መድኃኒቱ አለ አይደል? አንተ ራስህ ይከላከላል ብለሃል።" ዐቦኮርም ራሱን ነቀነቀ፤ እነሱ ሰፈር ፍየሎቹንም መቀባት ጀምረዋል፣ ሐበት ሶዳ እያበሉ።

በመኪና ስመለስ ቃሌን ቆጠርኩ። ራሴ ነኝ ያልኩት። ይከላከላል፣ ይድናል፣ እየሄደ ነው። ሰው የሰማውን ይሠራል።

ሰኔ 13

ለኤዶ ሻሚስ ብቻ ነገርኳቸው። ኮርማው ባዶ ነው አልኩ።

ካፊያ አስተረጎመችላቸው። አልደነገጡም። "ግመሎቼ ግን ባዶ አይደሉም" አሉ፤ "ለኔ ይበቃኛል በይው።"

"ታዲያ ከየት..." ብዬ ጀመርኩ።

ካፊያ እጇን አነሳች። "ከዚህ በላይ አላስተረጉምም ጆሲ። አንተም አትጠይቅ።"

አልጠየቅሁም። የዐቦኮር አራቱስ ግን? በውሃ ጥም የመጡት? ስናገር አንዲት ሴት ቤቷ ይፈርሳል። ዝም ስል ደግሞ ዝናቡ ያልፍና የዐቦኮር ልጆች...

ሰኔ 19

ዒድ አለፈ። በጉን አረዱልኝ። ቁራሹን ሳህኑ ዳር አደረግሁት። አዴር ዒጋል "ብላ፣ አጥንት ብቻ ሆነሃል፤ ለአንተ ደግሞ ማን ሐበት ሶዳ ያጠጣህ?" ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ።

ሁለት ሌሎች ቤተሰቦችም ሴት ግመሎቻቸውን ይዘው ደርሰዋል።

ሰኔ 24

ዛሬ ጨረስኩት። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ካፊያ ጠዋት ከአደን ባርቃብ ጠብታ በስላይድ በመኪና ይዛልኝ መጣች፤ በብብቷ አሙቃ። ከዒጋል ኮርማም ወሰድኩ። እንግዶቹ ግመል ሊያጠጡ ሲወጡ አዴርን ብቻቸውን ጠራኋቸው። በዚህ ይመልከቱ፣ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ አልኩ።

መጀመሪያ የአደንን። ብዙ ቆዩበት። "ይሄ ሁሉ የሚሯሯጠው ምንድነው?"

"ዘር ነው። የአደን ግመል።"

ሁለተኛውን አስቀመጥኩ። እንደገና ብዙ ቆዩ፣ መስታወቱን ራሳቸው ወደ ፀሐይ አዞሩት። "ይሄኛው መንገድ ላይ መኪና የለም" አሉ።

"ይሄ የእርስዎ ነው አዴር። ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር። መድኃኒቱ አላዳነውም። አውቄ ነው ያልነገርኩዎት። ሰዎቹ የመጡት በከንቱ ነው።"

ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። ሰባቱስ ጭራቸውን ያነሱት ከማን ነው ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዞር ብለው ሻሚስን ጠሩ። በሱማሊኛ አወሩ፣ ካፊያ በጆሮዬ እየነገረችኝ።

"እኔ አውበሬ እያለሁ፣ ሳሩ በአደን በኩል ጥሩ ነበር?"

ሴትየዋ ቆሙ። "ጥሩ ነበር" አሉ።

ሽማግሌው መሬቱን አዩ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ሻይ አምጪ።"

ሻዩን ጠጣን። ከዚያ በአማርኛ፣ "ሞተሩ ይነሳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ነዳጅ የለም" አሉኝ። "ቢላህ ስል ነው ዶክቶር?"

"ለምን?"

"አኮላሸው። የጭነት ግመል ይሁን።"

አረፋ እያወጣ እያለ አደጋ አለው፣ ይቀዝቅዝ፣ ሁለት ወር እንጠብቅ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባርቃብ ሆኖ ከቆመ ሴት ይዞ የመጣን መመለስ አልችልም። አባቴም አልመለሰም። ሰው እየመጣ ነው። ሁለት ወር ስንት ሰው ነው?"

"ሰዉን ምን ይሉታል?"

"ልጆቼን ረገጠ፣ ጸባዩ ከፋ እላለሁ። ዋሸህብኝ ብሎ ግመል አይሰድበኝም።"

ሰኔ 27

አስተኛነው፣ አራቱንም እግሩን አሰርን፣ ማደንዘዣ ወጋሁት። የወጣው ፍሬ ትንሽና ልል ነበር፣ እንደ ደረቀ ቴምር። በጠርሙስ አስቀመጥኩት። አዴር የኮርማውን ራስ በጉልበታቸው መሀል ይዘው በሱማሊኛ ያባብሉት ነበር። ደሙ ቆመ። ማታ ሳየው ያመሰኳል።

ደሬሳ ጋ ደወልኩ። "ውጤት የለኝም" አልኩት።

"የለህም ወይስ የፈለግኸው አይደለም?"

"የፈለግሁት አይደለም። ዘይቱን እየላሰ ጥቁር አዝሙድ አያድነውም። ሰውም መድኃኒቱን ተማምኖ መርዙን ይጨምራል።"

"እንግዲህ እሱን ይዘህ ና" አለ። "ስለ ረዳት መምህሩ ግን ቃል አልገባም።"

ነጩን ሸሚዝ አላጠብኩትም። ልብሴን እንደለበስኩ ልተኛ ነው።

ሰኔ 28

ቁስሉን ለማየት ሄጄ ነበር፤ ደህና ነው። ዐቦኮር ግመሎቹን ሰብስቦ ሊመለስ ተነስቷል። ዓይኑ ቀይ ነው። "ዕድሌ ነው" ይላል፤ "እኔ ስደርስ ጸባዩ ከፋ።"

አዴር ዒጋል ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ዱላቸውን አንስተው መጡ። ንጹሕ ኮፍያ አድርገዋል። "ወዴት ነው የምትመለሰው?" አሉት። "የአደን ባርቃብ አረፋው ገና አልደረቀም። ከዚህ እስከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የኔ እንግዳ ነህ፤ እኔ እጠይቅልሃለሁ። ለሌሎቹም ሁለት ቤተሰቦች እንዲሁ።"

ሻሚስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የውሃ ጀሪካን አውጥተው ሰጧቸው።

ከካፊያ ጋር ቆመን አየናቸው። ሽማግሌው ከፊት፣ ዐቦኮር ከኋላ፣ አራቱ ግመሎች በመሀል፤ ወደ አደን ቤት፣ ሊጠይቁ።